ከእናትነሽ ቀፎ

ሰቆጣ ዙሪያ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ዓይናዲስ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ በጤና ያግኝሽ። እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር የለብኝም። ጉልበቴ እንዳምናው ነው፤ ለእሱ ብለሽ መድኃኒት እንዳትገዢ።

ለምን ስልክ አይደውሉም ብለሽ ተቆጥተሻል። አልፈርድብሽም። ስልኩ አልተበላሸም፣ ካርድም አላጣሁ። ታውቂው የለ፣ በመንደራችን ኔትወርክ የሚይዘው ከይግዛው አጥር ሥር ያለችው ጉብታ ላይ ብቻ ነው። እዚያ ቆሞ የሚያወራ ሰው ለይግዛው ቤት ሁሉ ያወራል። ድሮ ግድ አልነበረኝም። እናትሽ እዚያ ቆማ ስታናግርሽ እሱ ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ "ሰላም በያት" ይል ነበር። አሁን ግን ይግዛው እንዳይሰማው የምፈልገው ነገር አለ። ስለዚህ በሾፌሩ በምንይሉ እጅ እልካለሁ። ፖስታውን በፕላስተር አሽጌዋለሁ፤ ፕላስተሩ ተነካክቶ ከደረሰሽ ንገሪኝ።

የእናቴ ንቦች እንዴት ናቸው ላልሽው፣ የሉም። ቀፎዋ መስከረም ሳያልቅ ባዶ ሆነ። ቀጥሎ የእኔ ሁለቱ ታመሙ። ከዚያ የደጅይጥኑ፣ የዋሴ፣ የገብረ አምላክ፣ የቄስ ወልደ ሐዋርያት። በአንድ ወር ውስጥ አምስት ቤት። መንጠሴው ዳገቱን ሞልቶ አብቧል፤ የሚቀስመው ጠፋ።

ትልቁ ንብ አይደለም የሚሞተው። እጩ ነው። የተደፈነውን ክዳን ስከፍት ውስጥ ያለው ሕፃን፣ ሌላ ስም አጣሁለት፣ በጀርባው ተንጋሎ ራሱን ቀና እንዳደረገ ሞቶ አገኘዋለሁ።

ደህና የሆነው አንድ ቤት ብቻ ነው። የይግዛው አራት ቀፎ ከመንገድ ላይ ሲጮህ ይሰማል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በምትሠሪበት የምርመራ ቤት መርዝ ለይቶ የሚያውቅ መሣሪያ አለ? ይህን መጠየቄን ለአገር ልጅ ሁሉ አታንሺ።

አባትሽ አጥናፉ

&nbsp;

ሰቆጣ ዙሪያ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዓይናዲስ ልጄ፣

መልስሽ ቶሎ ደረሰኝ፤ ፕላስተሩም እንዳለ ነበር። እግዜር ይስጥሽ። እንዲህ ስትፈጥኚ ግን ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ ገባኝና ሰጋሁ።

ያዘዝሽኝን አድርጌአለሁ። በክብሪት እንጨት የሞተውን እጭ ወጋሁት። እንደ ንፍጥ ተጎትቶ ክር አልሠራም። በወረንጦ ስይዘው ሳይፈርስ ሙሉው ወጣ። ቆዳው ውሃ ቋጥሮ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የጤፍ ፍሬ የምታህል ራስ ያላት ትንሽ ስልቻ በያት። ቀለሙ መጀመሪያ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ከዚያ ቡኒ ይሆናል፣ ሲቆይ ይጠቁራል። ሽታ የለውም። ሦስት ጊዜ አሸትቼ ነው የምልሽ። ደጅይጥኑ አይታኝ "አጥናፉ፣ አፍንጫህን ከምትነክርበት ቅመሰውና ይውጣልህ" ብላ ሳቀችብኝ። ሦስት ቀፎ ሞቶባት አሁንም ትስቃለች።

የማር እንጀራውን ከነእጩ ቆርጬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ በካርቶን ልኬልሻለሁ። ፌስታል ውስጥ አላስገባሁትም። ምንይሉ ካርቶኑን ተቀብሎ አሸተተና "ጋሼ አጥናፉ፣ ይቺ ማር ናት፤ መንገድ ላይ ብትቀንስ አይግረምዎ" አለኝ። "ቅመስ፣ የሚጠረጠር መርዝ አለበት" ስለው ከመቀመጫው ሥር አወጣና ጣሪያ ላይ ጫነው። ሳይጎድል ከደረሰሽ እሱ ስለፈራ ነው።

ማንን ነው የሚጠረጥሩት ላልሽው፣ ማንንም ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። በመስከረም ይግዛው የመድኃኒት መርጫ ከግብርና ጣቢያ ተውሶ ነበር። ማሽላው ላይ ተምች ገባ አለ። እኔ ተምች አላየሁም። ከእናትሽ ሙት ዓመት በማግሥቱ ደግሞ አራቱንም ቀፎውን ከፊት አንስቶ ወደ ጓሮ ወሰደ፣ መግቢያቸውንም በጭቃ አጠበበ። ያለ ነገር ሰው አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ቀፎ ያነሳል? በዚያው ቀን ማለዳ ደጅይጥኑ እንጨት ልትለቅም ወጥታ፣ ይግዛው ከወይራው ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሲቀብር አይታዋለች። ያን ጊዜ ዝም አለች፤ አሁን ነው የነገረችኝ። መርዝ ይሁን መተት ይሁን እንጃ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ አልረገጠም።

ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም። ጠዋት ዳዊት ስደግም ዓይኔ ከመስመሩ እየወጣ ወደ እሱ አጥር ይሄዳል። አንዱን መዝሙር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። ይሄ ሰው እናትሽን ከሆስፒታል ስናመጣት በቃሬዛው ራስጌ የነበረ ነው።

በክረምቱ የተለየ ነገር አደረጋችሁ ወይ ላልሽው፣ ከሙት ዓመቷ በቀር ምንም። መንገድ ተዘግቶብሽ ስለቀረሽ ደግመሽ ይቅርታ አትጠይቂኝ። ሁሉም በወጉ ሆኗል፤ እሷ ብታየው ደስ ይላት ነበር።

ለሽማግሌዎች አመልክቻለሁ። አውጫጭኝ ይጠራል።

አባትሽ

&nbsp;

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን አልጠየቅሁም፣ መድኃኒቱንም አልገዛሁም። ቅባት ግን ልኬያለሁ፤ ቅባት መድኃኒት አይባልም።

ካርቶኑ ሳይጎድል ደርሷል። ምንይሉ ሲያስረክበኝ በሁለት ጣቱ ይዞ ነበር።

መርዝ ነው ወይ ብለው ደግመው ጠይቀዋል። እስካሁን ባየሁት የመርዝ ሥራ አይመስለኝም። መርዝ ቢሆን ትልልቆቹ ንቦች ደጅ ላይ ወድቀው ይገኙ ነበር። እርስዎ ግን እጩ ብቻ ነው ብለዋል። አለቃዬ ናሙናውን ወደ ዋናው ምርመራ አስገብታልኛለች፤ ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።

እስከዚያ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ከነሐሴ ወዲህ በእያንዳንዱ ቤት ቀፎ ውስጥ የገባውን ሁሉ ይጻፉልኝ። ቢላዋም ቢሆን፣ ጓንትም ቢሆን፣ ስኳርም ቢሆን፣ ከማን ወደ ማን እንደሄደ። ትንሽ ነው ብለው የሚተዉት አይኑር።

አውጫጭኙን እባክዎ ያቆዩት። ጋሽ ይግዛውን ደግፌ አይደለም። እርስዎ አንድ ጊዜ በሰው ፊት የተናገሩትን መልሰው እንደማያነሱት ስለማውቅ ነው።

ልጅዎ ዓይናዲስ

&nbsp;

ሰቆጣ ዙሪያ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ፣

ቅባቱ ደርሶኛል። ብልጥ ነሽ።

አውጫጭኙን ያቆዩት ላልሽው፣ ከእጄ ወጥቷል። ኅዳር 12 በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። አንቺ ተደርጎ አላየሽም። ባለ ቀፎ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግራር ሥር ይቀመጣል። ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ማንም አይበላም። አንድ በአንድ እየተነሳ ያየውንና የሰማውን በመስቀሉ ምሎ ይናገራል። ከዚያ ያ የወይራ ሥር ይቆፈራል። ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘ ከማኅበሩ ይወጣል። እሳት የሚያጭረው ጎረቤት አይኖረውም፤ ሲሞትም ሬሳውን የሚያነሳለት የለም። ይህን የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

የጠየቅሽኝ ዝርዝር ይኸውና። ቢላዋ ሁሉም የየራሱ ነው። ጓንት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ስኳር ዘንድሮ ማን ገዝቶ። ትንሽ ነው ብዬ ልተወው ያልኩት አንድ ነገር ነበር፤ አንቺ ካልሽ ግን ልጻፈው። ሳልነግርሽ የቆየሁት አንቺ ስትመጪ በየጓሮው እየወሰድኩ ላሳይሽ አስቤ ነው።

ነሐሴ 24 በሙት ዓመቷ፣ ካህናቱ ከተሸኙ በኋላ፣ የእናትሽን ቀፎ ከፈትኩ። የምታውቂው የሣጥን ቀፎ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲያድል እሷ ተመዝግባ የወሰደችው። አሥር ፍሬም አለው። ሦስቱን ለቀፎው ትቼ ሰባቱን ከነእጩ፣ ከነእንጀራው አወጣሁ። ሁለቱን ለእኔ ሁለት ቀፎ፣ ሌላውን አንድ አንድ ለደጅይጥኑ፣ ለዋሴ፣ ለገብረ አምላክ፣ ለቄስ ወልደ ሐዋርያት፣ ለይግዛው። ለመታሰቢያዋ። እሷ ያሳደገችው ንብ በየቤቱ እንዲፈለፈል፣ ማሩ ሲቆረጥ ስሟ እንዲጠራ። የግብርና ባለሙያውም በሥልጠናው ላይ ደካማ ቀፎ በእጭ ፍሬም ይጠናከራል ብሎን ነበር። ሰዎቹ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ደጅይጥኑ እንኳ አልቀለደችም።

ይግዛው ብቻ ፍሬሙን ወደ ፀሐይ ቀና አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ጋቢውን ሸፍኖበት ሄደ።

ባለፈው ሰኞ በአጥሩ ላይ አናገርኩት።

"ይግዛው፣ የሰጠሁህ ፍሬም እንዴት ሆነ?"

"አለ።"

"የት?"

"ባለበት።"

"ቀፎ ውስጥ አግብተኸዋል?"

"አጥናፉ፣ ማሽላህን ወፍ እየጨረሰው ነው። ሂድና ጠብቅ።"

"የእናትነሽን ስጦታ የት እንዳደረስከው ንገረኝ ነው የምልህ።"

መዶሻውን አንስቶ የአጥሩን እንጨት መምታት ጀመረ። እንጨቱ አልላላም ነበር።

ልጄ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። በእጄ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን አንቺን ዋሽቼ የት እገባለሁ። የእሱ ቀፎ ሲጮህ ስሰማ ሁሉም አንድ ቀን ዝም ብሎ ባገኘው ብዬ ተመኝቻለሁ። ለነፍስ አባቴ ልናገር ሄጄ ከደጁ ተመለስኩ።

ውጤቱ ወጣ ወይ? ከኅዳር 12 በፊት ይድረሰኝ። በመስቀሉ ፊት ስቆም ወረቀትሽን ይዤ ልቁም።

አባትሽ አጥናፉ

&nbsp;

ባሕር ዳር፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። ውጤቱ ጥቅምት 27 ወጥቷል። ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። ከየት ወዴት እንደሄደ ያወቅሁት ግን ዝርዝርዎ ሲደርሰኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ቀን ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ። ስልክዎንም ሞከርኩ፤ ዝግ ነው።

መርዝ አይደለም። መተትም አይደለም። ቫይረስ ነው። በዓይን ቀርቶ እኛ ዘንድ ባለው ማጉያ እንኳ አይታይም። መርዝ ካፈሰሱት በላይ አይጨምርም። ይሄ ግን አንድ እጭ ውስጥ ከገባ በእጩ ሰውነት ራሱን ያበዛል።

አገባቡን ልንገርዎ። ሞግዚት የሆኑት ወጣት ንቦች እጩን በአፋቸው ያጎርሱታል። ሁለት ቀን የሆነው ለጋ እጭ በዚያ ጉርሻ ይቀበለዋል። ከዚያ ምንም አይታይበትም። ይበላል፣ ይወፍራል፣ ክዳኑ ይደፈናል። ቆዳውን የሚለውጥበት ቀን ሲመጣ ግን አሮጌው ቆዳ አይወልቅለትም። በቆዳውና በገላው መካከል ውሃ ይሞላል። እርስዎ ስልቻ ያሉት ያ ነው። በዚያ ውሃ ውስጥ ያለው አንድ ቀፎ ሙሉ እጭ ለመበከል ይበቃል።

ንቦቹ ደግሞ ቤታቸው እንዲቆሽሽ አይፈልጉም። የሞተውን ነክሰው ሲያወጡ ውሃውን ይቀምሳሉ። እነሱን አይገድላቸውም። የሕፃናቱ ምግብ በሚሠራበት በጭንቅላታቸው ውስጥ ባለው እጢ ይቀመጥና የሚቀጥለው እጭ ከምግቡ ጋር ይጎርሰዋል። የሚዛመተው በማጽዳታቸውና በማጉረሳቸው ነው።

ከቀፎ ወደ ቀፎ መንገድ የሳተች ንብ ትወስደዋለች፤ የሌላውን ማር ልትሰርቅ የገባችም ትወስደዋለች። ያ ግን ቀስ ይላል። በአንድ ወር አምስት ቤት የሚያዳርሰው እጭ ያለበት ፍሬም ከቀፎ ወጥቶ ሌላ ቀፎ ሲገባ ነው።

አባዬ፣ ዝርዝርዎን ደጋግሜ አነበብኩት። የታመሙት ቤቶች ፍሬሙ የገባባቸው ናቸው። ያልታመመው አንድ ቤት ነው። ጋሽ ይግዛው ፍሬሙን ቀፎው ውስጥ ያስገባው አይመስለኝም። ከወይራው ሥር ያለው ምን እንደሆነ እኔ እዚህ ሆኜ እገምታለሁ፤ እርስዎም ይህን ሲያነቡ ይገምታሉ። ቀፎውን ወደ ጓሮ መውሰዱና መግቢያውን ማጥበቡም የሌላ ቤት ንብ እንዳይገባበት የሚያደርግ ሰው ሥራ ነው። እባክዎ እንዲቆፈር አያድርጉ።

አንድ ልጠይቅዎ፣ ባይመልሱልኝም አልቀየምም። በሐምሌ የእማዬን ቀፎ ከፍተው ነበር? ያን ጊዜ ምን አዩ?

አሁን መደረግ ያለበት ይህ ነው። እጩ የታመመበት እንጀራ ወጥቶ ይቃጠል። አውራዋ ንብ ትቀየር፤ በመካከሉ እጭ የሌለበት ጊዜ ሲኖር በሽታው ይደክማል። ፍሬም ከቤት ወደ ቤት አይሂድ። ማሩ ሰውን አይጎዳም፤ ይህን ለሁሉም ይንገሩልኝ።

ምንይሉ ከሚካኤል በፊት እንደሚያደርስ ምሎልኛል። በዚህ ፖስታ ላይ ፕላስተር አልለጠፍኩም።

ልጅዎ

&nbsp;

ሰቆጣ ዙሪያ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዓይናዲስ፣

ምንይሉ መሐላውን ጠብቋል። ኅዳር 11 ከሰዓት በኋላ መኪናውን ከታች አቁሞ በእግሩ አመጣልኝ። "ጋሼ፣ ይሄም መርዝ አለበት?" አለኝ። አንብቤ ስጨርስ እሱ የለም።

ስለ ሐምሌ ጠይቀሽኛል። ከፍቼ ነበር። ክዳናቸው የተቀዳደደ አምስት ወይ ስድስት እጭ ሞተው አየሁ። ብርድ ነው ብዬ ዘጋሁት። ልብ በይ፣ የእኔ ቀፎ ቢሆን ባለሙያውን እጠራ ነበር። የእሷ ስለሆነ ታሟል የሚለው ቃል ከአፌ እንዲወጣ አልፈለግሁም። እሷም ታማለች ሲሉኝ ብርድ ነው ብዬ ሁለት ወር ያቆየኋት ሰው ነኝ። ይህን ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም።

ወረቀትሽ በደረሰኝ ቀን ለነፍስ አባቴ የልቤን ተናገርኩ። በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። ይግዛው ከሁሉም ራቅ ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ መማል ከመጀመሩ በፊት የሚናገር አለ ወይ ሲሉ ተነሳሁ። የሆነውን ሁሉ አልጽፍልሽም። ወረቀትሽን አነበብኩ። ስለ ሐምሌም ነገርኳቸው። በሽታውን በየቤታችሁ በእጄ ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ይግዛውን መርዝ ረጪና መተተኛ ያልኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

ከዚያ ደጅይጥኑ "እናትነሽ በቁሟ ሳለችም ሳይጠይቋት ነበር የምትሰጠው" አለች። ማንም አልሳቀም፤ እሷም አልሳቀች። ዋሴ ተነስቶ ሄደ። ሰላም አላለኝም፤ እስከ ዛሬም አላለኝ። ሁለት ቀፎ ነበረው።

ዶማው ተዘጋጅቶ ነበርና ሽማግሌዎቹ ይግዛውን፣ እንግዲያ የቀበርከው ምንድን ነው አሉት። በአገው ቋንቋ፣ በኽምጣንኛ፣ መለሰላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ ደገመው። "ፍሬሙ ነው። ፀሐይ ላይ ሳየው እጩ ውሃ ቋጥሯል። እንደ እንጨት ልጥለው አልቻልኩም፤ በነጠላ ጠቅልዬ ቀበርኩት።"

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት።

"በሙት ዓመቷ ቀን፣ ሰው ሁሉ ተቀብሎህ እያለቀሰ፣ ያወጣኸው በሽታ ነው ልበልህ? ሲያድር እነግረዋለሁ አልኩ። ሲያድር አፈርኩ። ሲቆይ ደግሞ ጠረጠርከኝ፤ ለሚጠረጥረኝ ሰው ምን ብዬ ልንገር።"

እሱም ጥፋት አለበት አሉ ሽማግሌዎቹ፤ በጊዜው ተናግሮ ቢሆን አራቱ ቤት ይተርፍ ነበር። ራሱን ነቅንቆ ተቀበለ። እኔን ከማኅበር ላለማውጣት ግን ካሳውን የተበደለው ይናገር አሉ። ማር ይለኛል፣ በሬ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"ካሳዬ" አለ ይግዛው፣ "ከልጁ ጋር በስልክ ያውራ። ከአጥሬ ሥር፣ እናትነሽ ትቆምበት ከነበረው። ሁለት ወር ያ ቦታ ባዶ ሲሆን ምን እንዳደረግሁት ሳስብ ነው የከረምኩት።"

የታመመውን እንጀራ ትናንት አቃጠልን። ከአምስቱም ቤት ነበርን፤ ዋሴ ስላልመጣ በእሱ ፋንታ ሚስቱ ይዛ መጣች። አውራ ለመቀየር ይግዛው ከራሱ ቀፎ እጭ ልስጣችሁ ሲል ሁላችንም ሳናስበው ወደ ኋላ ሸሸን። እሱ ራሱ ሳቀ። አንቺ አይሆንም ካልሽ አይሆንም፤ ጠይቅ ብሎኛል።

ስለዚህ ይህን ወረቀት የመጨረሻው አድርጊው። በሚመጣው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስልክሽን ከእጅሽ አትለዪ። ጉብታው ላይ እቆማለሁ። ከአጥሩ ውስጥ ሰላም በላት የሚል ድምፅ ከሰማሽ፣ ጮክ ብለሽ መልሺለት።

አባትሽ አጥናፉ